በቆሎ መስኖ ላይ ገለባ ጎዝጉዤ እንግጫ የሚባለው አረም አስቸገረኝ፤ ቦዩን ላፈራርቅ?

ሰላም ለእናንተ። ቆጋ መስኖ ላይ ሩብ ሄክታር ቀይ አፈር አለኝ። የዘራሁት ቢኤች 540 በቆሎ ነው፤ በመስመር መካከል 75፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር። ከበቀለ 40 ቀኑ ነው፣ ጉልበት ደርሷል።

ውሃ የምለቀው አንድ ቦይ እየዘለልኩ፣ ሁልጊዜ በእነዚያው ቦዮች ነው። ከመጀመሪያው ኩትኳቶ በኋላ ሁሉም ቦይ ላይ የስንዴ ገለባ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ጎዘጎዝኩ (የጤፍ ጭድ ለከብት ነው፣ አይነካም)። ስህተቱ እዚህ ነበር፦ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ገለባው ተንሳፍፎ ጫፍ ላይ ተከመረ፣ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ መደቡን ደረመሰው። ስለዚህ ከዚያ አንስቼ ደረቁ ቦይ ላይ ደረብኩት።

ደረቁ ቦይ ላይ አሉማ የሚባለው አረም ጠፍቷል። ገለባውን ገለጥ ሳደርግ ብርሃን ያጣ ነጭ ቀጭን ቡቃያ ብቻ ነው የማየው። እንግጫ ግን ገለባውን እንደ መርፌ ወግቶ ይወጣል፤ በእርጥቡ ቦይ ዳርማ ይብሳል። በእጅ ስነቅለው ቅጠሉ ይመጣል፣ የሥሩ ፍሬ እዚያው ይቀርና በሳምንቱ እንደገና ይበቅላል።

በቆሎ አበባና ጸጉር ሲያወጣ የውሃ ጥም አይችልም። እርጥቡንና ደረቁን ቦይ በየዙሩ ባፈራርቅ ሥሩ በሁለቱም በኩል ይጠጣል፤ ግን ገለባውን በየዙሩ ማዛወር ሊኖርብኝ ነው፣ አረሙም በሁለቱም ቦይ እርጥበት ያገኛል።

አበባ እስኪያወጣ በዚያው ቦይ ብቻ አጠጥቼ ከዚያ ሁለቱንም ልልቀቅ፣ ወይስ ከአሁኑ ጀምሬ በየዙሩ ላፈራርቅ?