ትንኝ ማጥናት ለሕዝብ ጤና ምን ይጠቅማል?

የባዮሎጂ ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በቅርቡ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት እጀምራለሁ። የምፈልገው የነፍሳት ሳይንስን ነው፤ ቤተሰቦቼ ግን «ምርመራና መድኃኒት እያለ ትንኝ መቁጠር ለማን ይጠቅማል?» እያሉኝ ነው። በሙያው ያላችሁ ሥራውን ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

የትንኝ ተመራማሪ፦
እህቴ፣ የዕለት ሥራዬን ልንገርሽ። የወባ ተህዋስ ያለበትን ደም የመጠጠች ትንኝ በሽታውን ወዲያውኑ አታስተላልፍም። ተህዋሱ በሆዷ አድጎ ምራቅ አመንጪ ዕጢዋ ጋ እስኪደርስ፣ እንደ ሙቀቱ መጠን፣ አሥር ቀንና ከዚያም በላይ ይፈጃል። አብዛኞቹ ትንኞች ያን ያህል አይኖሩም። ስለዚህ የምትፈራው ያረጀችው ናት።

ዕድሜዋን እንዴት እናውቃለን? ሆዷን ከፍተን የእንቁላል ከረጢቷን በማይክሮስኮፕ እናያለን። በላዩ ያሉት ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች እንደ ክር ከተጠቀለሉ ገና እንቁላል አልጣለችም፤ ከተፈቱ ጥላለች፤ ስለዚህ ዕድሜዋ ገፋ ያለ ነው ማለት ነው። አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት በሚገባ ሲሠሩ ያረጁት እየተመናመኑ ይሄዳሉ። ትንኝ ጨርሶ ባይጠፋም ስርጭቱ ይቀንሳል። ሐኪም ይህን ማየት አይችልም፤ እርሱ ዘንድ የሚመጣው የታመመው ሰው ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የኬሚካል መላመድ ነው። ትንኞቹን ኬሚካል ከተቀባ ወረቀት ጋር አንድ ሰዓት እናቆይና ከ24 ሰዓት በኋላ የሞቱትን እንቆጥራለን። ከ90 በመቶ በታች ከሞቱ ኬሚካሉን ተላምደውታል ማለት ነው። ይህን የሚቆጥር ሰው ከሌለ የማይገድል ኬሚካል በየዓመቱ ሲረጭ ይኖራል፤ ሕዝቡም የተጠበቀ ይመስለዋል!

ነርስ፦
ለቤተሰቦችሽ ይህንንም ንገሪልኝ፦ ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን የወባን ተህዋስ በሰው ደም ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። በትንኝ ሆድ ውስጥ ግን ብሪታንያዊው ሐኪም ሮናልድ ሮስ እስኪያየው ድረስ እስከ 1897 መጠበቅ ግድ ሆነ። እኔም ጥያቄ አለኝ፤ አጎበር በትንኝ ለሚተላለፈው ለዴንጌ ትኩሳት ለምን እምብዛም አይረዳም?

የትንኝ ተመራማሪ፦
ዴንጌን የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ በአብዛኛው የምትነድፈው በቀን ስለሆነ ነው፤ ሰው በዚያ ሰዓት አጎበር ውስጥ የለም። የምትራባው በበርሜል፣ በአሮጌ ጎማና በመሳሰሉት ነው፤ ስለዚህ የውሃ ዕቃ መክደንና መድፋት ይቀድማል። ወባ አስተላላፊዋ አኖፌለስ ስቴፈንሲም በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ትራባለች። የእስያ ትንኝ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በኢትዮጵያ ተገኝታለች። ይህን ያወቅነው እጭ ሰብስቦ ዝርያውን የሚለይ ባለሙያ ስለነበረ ነው።

የባዮሎጂ ተማሪ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ከመመዝገቤ በፊት ምን ላጣራ?

የትንኝ ተመራማሪ፦
ትምህርት ክፍሉ ትንኝ የሚያረባበት ክፍል እንዳለውና ተማሪዎች ለናሙና ወደ መስክ ይወጡ እንደሆነ ጠይቂ። ሁለቱም ከሌሉት ሌላ ፈልጊ። እስከዚያው ስታቲስቲክስ አጥኚ፤ ብዙዎቹን ተማሪዎች የሚያስቸግራቸው እርሱ ነው።