«ብር አይመለስም፣ በሌላ ዕቃ ቀይሪ» እያለኝ ነው፤ ልቀበል?

የሰሚቷ ኬክ ጋጋሪ

ሰላም እንዴት ናችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምተዳደረው ቤቴ ውስጥ ኬክ እየጋገርኩ ነው። ለልደት፣ ለክርስትና፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ደግሞ ለምርቃት። እስከ ዛሬ የምሠራው በእጅ በሚያዘው ትንሹ ሚክሰር ነበር፤ ሁለቴ ተቃጥሎብኝ ሁለቴ አስጠግኜዋለሁ። ዘንድሮ ዕቁብ ሲወጣልኝ ትልቁን፣ ሊጥ የሚያቦካውን ልግዛ አልኩ። ቴሌግራም ላይ አንድ ቻናል አገኘሁ። 60 ሺህ ተከታይ አለው። «7 ሊትር፣ 1500 ዋት፣ ኦሪጅናል» ይላል፤ ቪዲዮው ላይ አንዲት ፈረንጅ ክሬሙን እያነሳች ታሳያለች። 16,500 ብር። መርካቶ ወርጄ በሰው ከምገፋ ብዬ 5,000 ቀብድ በቴሌብር ላክሁ፤ ቀሪው ዕቃው ሲደርስ።

ዕቃው የመጣው ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። ሰፈራችን መብራት ጠፍቷል። ሞተረኛው ሞተሩን እንኳ አላጠፋም፤ «እህቴ ሌላ አራት ቦታ ይጠብቁኛል» እያለ ይነጫነጫል። ካርቶኑ እንደታሸገ ነው። በስልኬ ባትሪ ዞር ዞር አድርጌ አየሁትና ቀሪውን 11,500 ላክሁ፣ የማድረሻ 350 ለልጁ በእጁ ሰጠሁት። አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ።

በማግስቱ መብራት ሲመጣ ከፈትኩት። መጀመሪያ ጎድጓዳው አነሰብኝ። ዓይኔ ነው ብዬ በሊትር ሃይላንድ ውሃ ለካሁት፤ አምስተኛው ሃይላንድ ግማሹ ሳይገባ ሞልቶ ፈሰሰ። ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሬ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ደግሞ ሌላ ወረቀት አለ። የሌላ ፋብሪካ ስም፣ ዋቱ 600። እስቲ ለማንኛውም ብዬ አንድ ኪሎ ዱቄት አቦካሁበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ፤ ማሽኑም እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ይሄዳል፣ በአንድ እጄ ይዤ በሌላው ነው ከሶኬቱ የነቀልኩት።

ለሻጩ ቪዲዮውን ላክሁለት። «7 ሊትሩ አልቆ ስለነበር ተመሳሳዩን ላክንልሽ» አለኝ። ሳይነግረኝ! ብሬን መልስልኝ ስለው «ብር አይመለስም፣ የቤቱ ሕግ ነው፣ በሌላ ዕቃ ቀይሪ። ትልቁ ኤር ፍራየር 18 ሺህ ነው፣ 1,500 ትጨምሪያለሽ።» እኔ ኤር ፍራየር ምን ያደርግልኛል? ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። አድራሻ ብሎ የጻፈው «መገናኛ» ብቻ ነው፣ ደረሰኝም አልሰጠኝም። ቀይሬ ልገላገል ወይስ ልከራከር? የደረሰበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

ሄሉ ሳሪስ

እንዳትቀይሪ! እኔን ያየ ይቀጣ።

አምና አንድ የኦንላይን ቤት ጫማ አዘዝኩ፣ 38 ብዬ 36 መጣልኝ። 38 የለም፣ በሌላ ቀይሪ ተባልኩ፣ ቦርሳ ወሰድኩ። የቦርሳው ዚፕ በሁለተኛው ቀን ተነቀለ። እሱንም ቀይሪ ተባልኩ። በየመሃሉ የሞተረኛ እኔ ነኝ የምከፍለው፣ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ 3,200 ብሬ ሁለት ሽቶ ሆኖ ቀረ፣ አንዱ ሲነፋ የታክሲ ውስጥ ሽቶ ነው የሚሸተው። መቀየር ማለት ብርሽ እነሱ ጋ እንደተቀመጠ አንቺ ዕቃ እየመረጥሽ ትዞሪያለሽ ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ሲቀየር ደግሞ ዋጋው ትንሽ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሌላው፣ አሁኑኑ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ስክሪንሹት አንሺ። ፎቶውን፣ «ኦሪጅናል» ያለበትን ፖስት፣ ቀኑንም ጨምረሽ። ቴሌግራም ላይ እሱ ከፈለገ መልእክቱን ካንቺም ስልክ ላይ ያጠፋዋል። እኔ ቡና ላፈላ ተነስቼ ስመለስ ቻቱ ባዶ ሆኖ ነው የጠበቀኝ።

ጡረተኛው

ለመሆኑ 16,500 ብር በጨለማ ይከፈላል? እኛ ድሮ መርካቶ ሬዲዮ ስንገዛ ሱቁ ውስጥ ሰክተን፣ ጣቢያ ሁሉ አዙረን፣ ድምፁን ከፍ ዝቅ አድርገን፣ ባለሱቁ «ኧረ ጋዜጠኛ ልትሆን ነው?» እስኪለን ነበር። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ።

ሄሉ ሳሪስ

ጋሼ ይቅርታዎን፣ እርስዎ የሚሉት ልክ ነው ግን ልጅቷ አጥፍቻለሁ ብላለች፣ አሁን መፍትሔ ነው የጠየቀችው። ደግሞ ሞተረኛ በር ላይ ቆሞ ሲያጣድፍ አይተው ያውቃሉ? ሰው ራሱ ጥፋተኛ የሆነ ነው የሚመስለው።

ጠበቃ ያልሆነው

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን በራሴ ጉዳይ ስሮጥ ያየሁትን ልንገርሽ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል አለ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ወይ ይቀየርልኝ ወይ ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል ይላል። «ወይም» የምትለዋን ልብ በያት፣ የምትመርጪው አንቺ ነሽ። እዚያው አዋጅ ላይ ነጋዴ ራሱን ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርግ ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሱቅ ላይ የምናየው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የቤቱ ሕግ ምናምን ለተበላሸ ዕቃ አይሠራም። አራተኛ ቀንሽ ከሆነ ጊዜ አለሽ፣ ግን አታባክኚው። ብሬን እፈልጋለሁ ብለሽ በጽሑፍ ላኪለት፣ ቀኑ ይመዝገብ።

ችግሩ ደረሰኝ ነው። በ2017 መርካቶ ላይ በደረሰኝ ቁጥጥር ስንት ግርግር እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ቻናል ላይ የሚሸጠው ግን አብዛኛው እስካሁን ደረሰኝ አያውቅም። ሆኖም ምንም ማስረጃ የለሽም ማለት አይደለም። ከ127 የመጣልሽ የቴሌብር መልእክት አለ፤ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑ፣ የግብይት ቁጥሩ አለበት። እሱን አታጥፊው። ሱቁ ያለበትን ክፍለ ከተማ ካወቅሽ እዚያ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደሽ ማመልከት ትችያለሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ትመላለሻለሽ። እኔ ለአንድ ስልክ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ግን ባለሱቁ «ነገ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ» ስትይው የሚለሰልስበት ምክንያት አለ፤ ፈቃድ ከሌለው ወይም ደረሰኝ ካልቆረጠ የሚያሳስበው ያንቺ 16 ሺህ አይደለም።

ባንክም ሆነ ቴሌብር ደውለሽ «ብሬን መልሱልኝ» ማለት ግን ልፋት ነው። እኔ በባንክ ነበር የላክሁት፣ «ወደው የላኩትን ያለ ተቀባዩ ፈቃድ አናነሳም፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያምጡ» ነው ያሉኝ። ሲታሰብ ልክም ናቸው፣ እንደዚያ ባይሆን ማንም ዕቃ ወስዶ ብሩን ያስመልስ ነበር።

ቦሌ ሻጭ

እኔ ራሴ ቻናል አለኝ፣ ኤሌክትሮኒክስ እሸጣለሁ፣ ስለዚህ ስድቡን ችዬ ልጻፍ።

መጀመሪያ፣ ልጅቷ ተበልታለች፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ወረቀት ላይ ወረቀት የለጠፈ ሰው አውቆ ነው። ግን ብር መመለስ ለምን እንደሚያንቀው ልንገራችሁ። አብዛኛው ቻናል ዕቃ የለውም። ፎቶውን የሚያገኘው መርካቶ ካለው አከፋፋይ ነው። አንቺ ስታዢ ቀብድሽን ይዞ ይሮጣል፣ ካርቶኑን ያነሳል፣ ሳይከፍተው ለሞተረኛ ይሰጣል። የሸጠልሽን ሚክሰር ምናልባት አንዴም አይቶት አያውቅም። አሁን ብር መልስ ስትይው አከፋፋዩ ደግሞ ለእሱ አይመልስለትም፣ በዕቃ ነው የሚቀይርለት። «በሌላ ቀይሪ» የሚባለው ከዚያ ነው የሚመጣው። ትርፉ ስንት መሰላችሁ? እኔ እንደዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ ከ1,500 እስከ 2,000 ነው የማገኘው። የአንድ ዕቃ ብር ስመልስ ቢያንስ የስምንት ዕቃ ትርፍ ነው የሚሄደው።

ገዢም መልአክ አይደለም ደግሞ። የሐሰት የክፍያ ስክሪንሹት ልኮልኝ ዕቃ የወሰደ አለ፤ ሞተረኛዬ ፎቶውን አይቶ አመነ፣ እኔ ጋ ግን ምንም አልገባም። ስፒከር ሐሙስ ወስዶ ሰኞ «አልወደድኩትም» ብሎ የሚመልስም አለ። ስከፍተው ውስጡ የሰርግ ቄጠማ አገኘሁበት።

አሁን ለአንቺ፦ ቻቱን አቁሚ፣ ፊት ለፊት ሂጂ። አድራሻ አይሰጠኝም ካልሽ በእህትሽ ወይም በጓደኛሽ ስልክ ሌላ ዕቃ እዘዢና «በዚያ ሰፈር ስለማልፍ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ» በይው። ሕንፃውን፣ ፎቁን፣ የሱቅ ቁጥሩን በሁለት ደቂቃ ይልክልሻል። ስትሄጂ ሰው ይዘሽ ሂጂ፣ ጭቅጭቅ አትጀምሪ፣ ሌላ ገዢ ሱቁ ውስጥ ባለበት ሰዓት ግቢ። ከዚያ በዝግታ የሃይላንዷን ነገር አስረጂው። አምስት ሃይላንድ ይዘሽ ብትሄጂ ደግሞ አሪፍ ነው ሃሃ።

ለወደፊቱ ደግሞ የተከታዩን ቁጥር አትዩ፣ ተከታይ ራሱ በብር የሚገዛ ነገር ነው። ፖስቱን ስንት ሰው እንዳየው እዩ። 60 ሺህ ተከታይ ኖሮት ፖስቱን 400 ሰው ካየው፣ ያው ገብቷችኋል። ኮሜንት ከተዘጋም ለምን እንደተዘጋ ጠይቁ።

ዱባይ ያለሁ

እኔ የምገዛው ከዚህ ሆኜ ነው፣ ለእናቴ፣ ደሴ። እዚህ ሳጥኑን ከፍቼ፣ ሞክሬው ሁሉ መልሻለሁ፤ የሚወስደው ልጅ ቤቴ ድረስ መጥቶ ብሬም በካርዴ ተመልሷል። ያንን ልምድ ይዤ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ፍሪጅ አዘዝኩ፣ ሙሉውን ብር ቀድሜ ላክሁ። ከላምበረት ተጭኖ ሲደርስ ጎኑ የመኪና አደጋ የደረሰበት ይመስላል። ሻጩ ጫኙን፣ ጫኙ ሻጩን። እናቴ ደግሞ «ይቀዘቅዛል እኮ ልጄ፣ ጎኑን ወደ ግድግዳ አዞርኩት» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ያለ ሰው አልገዛም። የአክስቴ ልጅ ሱቁ ይሄዳል፣ ቪዲዮ ይደውልልኛል፣ «ሰካው፣ አሁን ክፈተው፣ የጀርባውን ጽሑፍ አሳየኝ» እለዋለሁ፣ እዚያው እንዳለ እከፍላለሁ። ለእሱ የድካም እሰጠዋለሁ። ውድ ነው፣ ግን እንቅልፍ እተኛለሁ።

የሰሚቷ ኬክ ጋጋሪ

ሁላችሁም ተባረኩ። ቦሌ ሻጭ፣ አንተ ልጅ ብልሃትህ ሠራ!

ለእህቴ ምን ዕዘዢ እንደምላት ግራ ገብቶኝ ኤር ፍራየሩን አስጠየቅኋት። አድራሻው ወዲያው መጣ። ትናንት ከወንድሜ ጋር ሄድን፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ሁለት በሁለት የምትሆን ክፍል። 60 ሺህ ተከታይ ያለው ቤት አንድ ጠረጴዛና ሰባት ካርቶን ነው። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፣ ሳየው ንዴቴ ግማሹ ጠፋ። ሚክሰሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወረቀቱን አሳየሁት። «እኔ አልለጠፍኩትም፣ እንዲህ ሆኖ ነው የሚመጣው» አለ፤ እውነቱን ይመስለኛል፣ ፊቱ ቀላ። ወንድሜ 15 ቀኑንም ንግድ ቢሮውንም ረጋ ብሎ ነገረው። መሃል ላይ አንዲት ሴትዮ ብሌንደር ልትገዛ ገባችና ቆማ ትሰማለች። ልጁ ስልክ አንስቶ ወጣ፣ ከአከፋፋዩ ጋር በኮሪደሩ ሲጨቃጨቅ ይሰማል። ሲመለስ 14,500 በቴሌብር ላከልኝ። ሴትዮዋ ግን ሳትገዛ ወጣች።

የማድረሻ 350 የኔ ኪሳራ ነው፣ ይሁን። የሚቀረውን 2,000 «እስከ ቅዳሜ እልክልሻለሁ» ብሎ በጽሑፍ አስፈርሜዋለሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

ሄሉ ሳሪስ

እልል! ግን ውዴ፣ የየትኛው ሳምንት ቅዳሜ እንደሆነ አጽፈሽዋል?