ቩርተምበርግ በሃብስበርግ እጅ ቢቀር ኖሮ፦ የጋራ ጽሑፋችን የዕቅድ ውይይት

አርቃቂው፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ በጋራ ለምናዘጋጀው የአማራጭ ታሪክ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በደቡብ ምዕራብ ጀርመን የሚገኘው የቩርተምበርግ መስፍን ኡልሪክ በ1519 ሮይትሊንገን የተባለችውን ነጻ ከተማ (ከንጉሠ ነገሥቱ በቀር ጌታ የሌላትን) በመያዙ፣ የደቡብ ጀርመን ከተሞችና መሳፍንት ጥምረት የሆነው የሽቫቢያ ኅብረት ወግቶ ከአገሩ አባረረው። ኅብረቱ የጦርነቱን ወጪ ለማስመለስ ሲል ግዛቱን በ1520 ኦስትሪያን ይገዛ ከነበረው የሃብስበርግ ቤት ለተወለደው ንጉሠ ነገሥት ለካርል 5ኛ አስረከበ፤ ካርልም በኋላ ለወንድሙ ለፈርዲናንድ ሰጠው። በግንቦት 1534 ግን የሄሰኑ ገዥ ፊሊፕ ላውፈን በተባለች የቩርተምበርግ ከተማ ላይ ድል አድርጎ ኡልሪክን ወደ ርስቱ መለሰው። ታሪካችን ከዚህ ውጊያ ላይ ቢለይ ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም የኦስትሪያን ጦር የሚመራው የፋልዝ መስፍን ፊሊፕ፣ በ1529 ቪየናን ከኦቶማን ቱርኮች በመከላከል የታወቀው ሰው፣ እግሩን በመድፍ ባይመታ ኖሮ ሠራዊቱ እንዲያ ባልተፈታ ነበር።

የቀድሞው ሰብሳቢ፦
ለድካምዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ሆኖም አንዲት የመድፍ ጥይት ይህን ሁሉ ታሪክ መሸከም የምትችል አይመስለኝም። የሄሰኑ ጦር በቁጥር በእጅጉ ይበልጥ ነበር፤ የፈረንሳዩ ንጉሥ ፍራንሷ 1ኛም የኡልሪክን የሞንቤልያር ግዛት በመያዣ ወሰድኩ በሚል ሽፋን ገንዘብ አቅርቦለታል። ስለዚህ አዛዡ ባይቆስል እንኳ ሽንፈቱ ይዘገይ እንደሆነ እንጂ አይቀርም ነበር። መጠየቅ ያለብን ፈርዲናንድ በዚያ ሰዓት ለምን ብቻውን ቀረ የሚለውን ነው። በ1488 የተመሠረተው የሽቫቢያ ኅብረት በ1534 መጀመሪያ ላይ ዘመኑ ሲያበቃ ሳይታደስ ፈረሰ። ከአባል ከተሞቹ ብዙዎቹ የፕሮቴስታንት ተሐድሶውን ተቀብለው ስለነበር ለካቶሊክ ንጉሥ ጦር ማዋጣት አልፈለጉም። ይበልጥ የሚገርመው የባቫሪያ መሳፍንት ነገር ነው፤ ራሳቸው ካቶሊክ ሆነው ሳሉ፣ ፈርዲናንድ በ1531 የሮማውያን ንጉሥ (ማለትም የንጉሠ ነገሥቱ ወራሽ) ሆኖ መመረጡን በመቃወም ከፕሮቴስታንቶቹ ጋር ተዋዋሉ። ከእርሱ ጋር ሊንዝ ላይ የታረቁት በመስከረም 1534፣ ቩርተምበርግ ካመለጠ ከአራት ወር በኋላ ነው። ያ እርቅ አንድ ዓመት ቀድሞ ቢፈጸም ኖሮ ኅብረቱ፣ ተዳክሞም ቢሆን፣ ሊታደስ ይችል ነበር፤ የመለያያው ነጥብ እዚህ ላይ ይሁን።

የካርታ ሥራውን የያዘችው አባል፦
በዚህ እስማማለሁ። በካርታው ላይ ቩርተምበርግ በምሥራቅ ባለው በቲሮልና በራይን ወንዝ አጠገብ ባለው በብራይስጋው መካከል ስለሚገኝ፣ ተበታትነው የነበሩት የኦስትሪያ ይዞታዎች ከራይን ማዶ እስካለው እስከ ሱንድጋው ድረስ ይቀራረባሉ። ነገር ግን ረቂቁ አገሩ ጸጥ ብሎ እንደሚገዛ አድርጎ ያየዋል። የአገሩ ሸንጎ በ1514 በቱቢንገን ውል የመስፍኑን ዕዳ በመሸከም ምትክ በግብርና በጦርነት ጉዳይ ድምፅ አግኝቷል፤ ፈርዲናንድም ከዚህ ሸንጎ ጋር መደራደሩ አይቀርለትም። ስለ ሃይማኖቱ መገመት ሳያስፈልገን በእውነት የሆነ ምሳሌ አለን፤ ነጻ ከተማ የነበረችው ኮንስታንስ በ1548 በኦስትሪያ እጅ ስትገባ ነጻነቷንም ተሐድሶዋንም አጥታለች። ሌላም አለ፤ ኡልሪክ ባይመለስ በ1536 ያቋቋመው የቱቢንገን የነገረ መለኮት ተማሪዎች ማደሪያ አይኖርም፤ እዚያ የተማረው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኬፕለርም የት ይማር እንደነበር እንጃ።

አርቃቂው፦
ተረትቻለሁ፤ የመድፏን ነገር ስለወደድኳት በግርጌ ማስታወሻ ትቆይልኝ። በተሻሻለው ዕቅድ መሠረት ታሪኩ በ1533 ከባቫሪያ ጋር በሚደረግ እርቅ ይጀምርና በ1555 ካቶሊኮችንና ሉተራውያንን ባስታረቀው የአውግስቡርግ ስምምነት ይቆማል። የባቫሪያን ክፍል የቀድሞው ሰብሳቢያችን፣ የሸንጎውንና የኮንስታንስን ክፍል እህታችን ቢጽፉልን እለምናለሁ። ያልተቋጨው ጥያቄ የሄሰኑ ፊሊፕ ነው፤ ኅብረቱ ከታደሰ የፈረንሳይን ገንዘብ ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል ወይስ ወደ ሌላ ግዛት ይዞራል? በዚህ ላይ የሁላችሁንም አስተያየት ሳላገኝ መግቢያውን አልጽፍም።