«የስደተኞች ዝርያ» ያስኬዳል? አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜያለሁ

ተርጓሚዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። ስለ ሰሜን አሜሪካ ማንክስ ማኅበር ለአንድ የአማርኛ መጽሔት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1928 ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ውስጥ ተመሠረተ። አባላቱ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ካለችው፣ አይል ኦፍ ማን ከምትባል ትንሽ ደሴት (ሕዝቧም ቋንቋዋም ማንክስ ይባላል) ተነሥተው አሜሪካና ካናዳ የገቡ ሰዎች የልጅ ልጅ ልጆች ናቸው። የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «የማንክስ ስደተኞች ዝርያዎች በየሁለት ዓመቱ እየተሰበሰቡ የአያቶቻቸውን ቅርስ ይዘክራሉ።» አርታኢው «ዝርያ» የምትለዋን አስምሮባት፣ «ይህ የስንዴና የከብት ነው፣ ለሰው አይነገርም» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ደግሞ «የነገሥታት ዝርያ» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ማን ነው ልክ?

ቀለም ቀንድ፦
ዝርያው ይቆየንና አገሪቱን ምን ብለሽ ልትጽፊያት ነው? «የማን ደሴት» ብለሽ ብትጽፊ አንባቢው «እኔ ምን አውቄ የማን እንደሆነች» ይላል።

ተርጓሚዋ፦
ርእሱ ላይ እሱ አስቸግሮኝ «ማን የተባለችው ደሴት» ብዬ አለፍኩት። የራሳቸው መጠሪያ «ኤላን ቫኒን» ነው፤ እሱን ብወስድስ?

ቀለም ቀንድ፦
ውሰጂው። ሰው በራሱ ቋንቋ የሚጠራበት ስም እያለ ከእንግሊዝኛ መዋስ ለምን? መጀመሪያ ላይ «ኤላን ቫኒን፣ በእንግሊዝኛ አይል ኦፍ ማን» ብለሽ ካስተዋወቅሽው በኋላ ችግር የለም። የባሕሩ ጌታ ማናናን ከሚባል የተረት ንጉሥ ስሟን አገኘች ይላሉ፤ ስለዚህ የማን ናት ቢሉሽ የማናናን በያቸው።

ዘጎንጅ፦
ልጄ፣ አርታኢሽ ያሰመረው የተሳሳተ ቃል ላይ ነው። መሰመር የነበረበት «ስደተኞች» ነው። ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን አያልፈውም። ግሱ ሰደደ ነው፤ አባረረ፣ አስወጣ። ስደት ካለ አሳዳጅ አለ። ወርኀ ጽጌ ሙሉውን ማኅሌት የምንቆመው እመቤታችን ልጇን ይዛ ከሄሮድስ ፊት ስለሸሸች ነው። እነዚህን የደሴት ሰዎች ማን አሳደዳቸው? መሬት ፈልገው የሄዱ ገበሬዎች ናቸው። ስለዚህ «ፈላስያን» በያቸው። ፈለሰ ማለት ከቦታ ወደ ቦታ ሄደ ነው፤ ፈላሲ እንግዳ፣ መጻተኛ ነው። አገሩን ትቶ የሚዞር መነኩሴም ፈላሲ ይባላል።

የኮሎምበሷ፦
መሪጌታ፣ በአክብሮት አንድ ነገር ላንሣ። እኔ የምኖረው እዚያው ኦሃዮ ነው፤ ታሪካቸውንም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። አሳዳጅ አልነበረም ማለት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1825 የደሴቲቱ ጳጳስ ጆርጅ መሪ በድንች ላይ ሳይቀር አሥራት ለማስከፈል ተነሡ። ድንች የድሃው ጉርሻ ነበርና ሕዝቡ በዱላ ተነሥቶ አስቆማቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ከሰሜኑ አጥቢያዎች ቤተሰብ በቤተሰብ እየሆነ መርከብ መሳፈር ጀመረ፤ ክሊቭላንድ አጠገብ ኒውበርግና ዋረንስቪል ላይ ደን መንጥረው አረሱ። መሬት ጠቦት፣ ኪራይና አሥራት ከብዶት የወጣን ሰው «ፈልጎ ሄደ» ብቻ ብንለው ግማሹን ታሪክ አስቀረን ማለት ነው።

ዘጎንጅ፦
አሥራት መክበዱን አልካድኩም። ግን ጳጳሱ አሥራት ጠየቁ እንጂ ውጡ አላሉም። ስደትና ችግር ይለያያሉ።

ሰዋስው፦
«ፈላስያን» ላይ እኔም ቅሬታ አለኝ። አንደኛ፣ ለአብዛኛው አንባቢ ፍልሰት ማለት ፍልሰታ ነው፣ ሥጋዋ ከጌቴሴማኒ መነሣቱ ነው። ፍልሰተ ዐፅም ስንልም የሚፈልሰው ሌላ ሰው ተሸክሞት ነው። በእግሩ ሄዶ፣ በእጁ ቆፍሮ አገር ያቀና ሰው ላይ ይህ ጥላ ሲያጠላ አልወድም። ሁለተኛ፣ ከዚሁ ግስ ወጥቶ ቤተ እስራኤል ላይ የተለጠፈውን ስም ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰዎቹ ይጠሉታል፣ እውነታቸውንም ነው። ሥሩን ስንነካ ይህን ማስታወስ አለብን።

ዘጎንጅ፦
ቃሉ ምን አደረገ? ያጠፋው ተናጋሪው ነው። ዘመኑ ያቆሸሸውን ግስ ሁሉ ከጣልን ግእዙ ባዶ ሊቀር ነው። ደግሞም ዛሬ ዜናው ሁሉ «የሕዝብ ፍልሰት» ይላል፤ ማን ሬሳ መሰለው?

ተርጓሚዋ፦
«ከደሴቲቱ የወጡ ሰዎች» ብዬ ባልፈውስ? ደግሞ ዝርያን አትርሱብኝ።

ባለ አሬራ፦
እኔ ዝርያም ስደትም አላስጨነቀኝም፤ የጎረበጠኝ «ቅርስ» ነው። ቅርስ ስንል ቀርሶ፣ ቆርሶ ያስቀመጡት ነገር ነው፤ ጥሪት፣ ሐውልት፣ ብራና፣ ሙዚየም የሚገባ ዕቃ። (የሥሩን ነገር የራሴ ግምት ነው በሉት፤ ቆረሰና ቅርስ ግን ዘመዳማች ይመስሉኛል።) እነዚህ ሰዎች ሲሰበሰቡ የሚያደርጉትን እስኪ ተመልከቱ። ቦናግ የሚባል ዳቦ ይጋግራሉ፤ እርሾ የለውም፣ በሶዳና በአሬራ ነው የሚቦካው። አያት ለልጅ እጇን እያሳየች ያስተማረችው ነገር ነው። ሐምሌ 5 በእነሱ አቆጣጠር የቲንዋልድ፣ የደሴቲቱ ምክር ቤት ቀን ነው። እዚያ ደሴቲቱ ላይ ሴንት ጆንስ በሚባል ቦታ ከቤተ ክርስቲያኑ ምክር ቤቱ እስከሚሰበሰብበት ጉብታ ድረስ መንገዱ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ሰው ደረቱ ላይ ቦለን ቤን የሚባል ቅጠል ይሰካል፣ የዓመቱ ሕግም በእንግሊዝኛና በማንክስ ለሕዝብ ይነበባል። ባሕር ማዶ ያሉት ጉብታው የላቸውም፤ ግን ቀኗን ጠብቀው ይሰበሰባሉ፣ መዝሙራቸውን ይዘምራሉ። ይሄ ምኑ ነው ቅርስ? ትውፊት ነው! ግሱ አወፈየ ነው፣ አስረከበ፤ ተወፈየ ደግሞ ተረከበ። ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት መቆም አለባቸው። ቅርስ ባለቤቱ ቢሞትም ሣጥን ውስጥ ይቆያል፤ ትውፊት ግን ተቀባይ ካጣ በዚያው ቀን አለቀ።

ሰዋስው፦
ቋንቋቸው ግን ከክርክርህ ጋር አይስማማም። ማንክስን በልጅነቱ ከቤተሰብ አፍ የተማረ የጥንቱ ትውልድ የመጨረሻው ሰው ኔድ ማድረል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1974 አረፈ። ተቀባይ ስላጣ አለቀ እንበል? አላለቀም። የቋንቋው ማኅበር ከ1899 ጀምሮ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ተቀርጿል። በዚያ ድምፅ የተማሩ ሰዎች ልጆቻቸውን በማንክስ አሳደጉ፤ በ2001 ትምህርቱ ሁሉ በማንክስ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዩኔስኮ በ2009 «የጠፋ ቋንቋ» ብሎ ሲመዘግበው ተማሪዎቹ ራሳቸው በማንክስ ደብዳቤ ጻፉለት፣ መዝገቡም ተስተካከለ። ሣጥን ውስጥ የነበረው ቅርስ ወጥቶ ትውፊት ሆነ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ቃላት ያስፈልጓታል ባይ ነኝ።

ባለ አሬራ፦
ሽማግሌዎቹ ፊት ተቀምጦ የቀረፀ ሰው ነበር አይደለም? እሱ ተረከበ። ትውፊቱ አልተቋረጠም።

የኮሎምበሷ፦
ለመሪጌታ የሚሆን አንድ ነገር አለኝ። የገና ዋዜማቸውን «ኢል ቬሪ» ይሉታል፤ ቃል በቃል «የማርያም በዓል ሌሊት» ነው። ሕዝቡ ፕሮቴስታንት ከሆነ በኋላ እንኳ ስሟ እዚያ ቀረ። ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ሲወጡ ምእመኑ የየራሱን ሻማ ይዞ ይቀርና በተራ ይዘምራል። ካርቫል የሚባሉት እነዚህ ረጃጅም መዝሙሮች ገበሬና ዓሣ አጥማጅ የደረሳቸው፣ በእጅ ጽሑፍ ደብተር ከቤት ወደ ቤት የሄዱ ናቸው።

ዘጎንጅ፦
ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። ዋዜማ ማለት እንዲህ ነው። እንግዲያው ደብተራም አላቸው በለኛ!

የኮሎምበሷ፦
በይኛ፣ መሪጌታ፤ ሴት ነኝ።

ዘጎንጅ፦
ይቅርታ ልጄ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አስተማርሽኝ። እንግዲህ ለጠያቂዋም ልመልስ። ዝርያ ከዘርእ ነው፣ በአልፋው አ እንጂ በዐይኑ ዐ አይጻፍም፤ «ዘርዐ ያዕቆብ» እያሉ የሚጽፉ ይመለሱ። በጸሎተ እግዝእትነ ማርያም «ለአብርሃም ወለዘርኡ እስከ ለዓለም» እያልን ስንደግም ስለ ስንዴ ነው የምናወራው? ሰው ዘር ይባላል።

ቀለም ቀንድ፦
ዘር ይባላል፤ ዝርያ ግን ሌላ ነው። ግብርና ሚኒስቴር «የተሻሻለ ዝርያ» ማለት ከጀመረ ወዲህ ቃሉ ማሳ ገብቷል። ዛሬ ደግሞ ዘርም በሌላ ምክንያት ያስፈራል። ጋዜጣው የሚለውን ተከተይና «ትውልደ ማንክስ» በያቸው፤ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» እንደምንለው።

ሰዋስው፦
እሱማ ራሱ ስሕተት ነው። ትውልደ ዘርፍ (የማን ወይም የምን እንደሆነ የሚነግር ስም) ይፈልጋል፤ ዘርፉ የአገር ስም ነው፣ «ትውልደ ኢትዮጵያ»። ኢትዮጵያዊ ብለህ ስትጨምርበት «የአንድ ኢትዮጵያዊ ሰው ትውልድ» ሆነ።

ቀለም ቀንድ፦
ቢሆንስ? የኢትዮጵያዊ ልጅ ማለት አይደል የተፈለገው? የእነሱ ስም እኮ እንዲሁ ነው። ኩዊሊያም የሚባለው ማክ ዊሊያም ነበር፣ የዊሊያም ልጅ፤ ማው ወድቆ የቀረችው ክ ከአባትየው ስም ጋር ተጣበቀች። ኩዌይልም በአያያዙ ወልደ ጳውሎስ ነው። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዳን ኩዌይል የያዙት ስም ከዚያች ደሴት የመጣ ነው። ሰው ከሰው ይወለዳል፤ አገር አይወልድም።

ሰዋስው፦
ያ ለቤተሰብ ስም ይሠራል። «ትውልደ ማንክስ» ላይ ግን ማንክስ ምንድን ነው? አገር አይደለም፣ ሰውም አይደለም፤ ቅጽልና የቋንቋ ስም ነው። ቅጽል ዘርፍ አይሆንም። ወይ «ትውልደ ማን» በል፣ አንባቢው «የማን ትውልድ?» ይበልህ፤ ወይ «ትውልደ ማንክሳዊ» ብለህ ወደ ኢትዮጵያዊው ተመለስ።

ቀለም ቀንድ፦
«ትውልደ ኤላን ቫኒን» አለ አይደል? የአገር ስም ነው፣ ዘርፍ ይሆናል፣ ማንም «የማን» ብሎ አይጠይቅም።

ዘጎንጅ፦
ኤላን ራሱ ደሴት ማለት ከሆነ እኮ ቫኒን ብቻውን ዘርፍ ሆኖ ተይዟል። ዘርፍ በዘርፍ ላይ ልትደርቡ ነው። «ትውልደ ደሴተ ቫኒን» ካላችሁ ግን እኔም እፈርማለሁ።

ሰዋስው፦
መሪጌታ፣ «ትውልደ ደሴተ» ሁለት ዘርፍ አይደለም ወይ?

ዘጎንጅ፦
«መጽሐፈ ቅዳሴ ዘሐዋርያት»ን አስብ። ዘ የገባችው ለምን ይመስልሃል?