«ሁሉም አፈር ሆኖ ተመልሶ ይበቅላል» የሚለው ማጽናኛ ለምን አላጽናናኝም?

ጥያቄ፦
ባለቤቴን በሞት ከተለየሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ደጋግሜ የሰማሁት ማጽናኛ ቅጠል ረግፎ አፈር እንደሚሆን፣ ከአፈሩም ሌላ ቅጠል እንደሚወጣ፣ የሰውም ሞት ከዚህ እንደማይለይ የሚናገር ነው። እውነትነቱን አልክድም። ነገር ግን የምናፍቀው ስሜን በራሱ አጠራር ይጠራኝ የነበረውን አንድ ሰው እንጂ በጥቅሉ ሕይወት የሚባለውን አይደለም። ፍቅሬም እንደ ቅጠሉ አልበሰበሰም፤ የሚያርፍበት ባያገኝም እንዳለ አለ። በዚህ ዑደት ውስጥ ለእንዲህ ያለው ፍቅር ቦታ ይኖር ይሆን?

መልስ፦
እኅቴ፣ መጽናናትን እመኝልዎታለሁ። ሥራዬ ከደን ጋር የተያያዘ ስለሆነ የቅጠሉ ምሳሌ ጎዶሎ እንደሆነ ልነግርዎ እችላለሁ። ዛፍ ቅጠሉን ዝም ብሎ አይጥልም፤ ከመርገፉ በፊት ከናይትሮጅኑና ከፎስፈረሱ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉን ወደ ራሱ መልሶ ያስቀምጣል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የወደቀ ግንድ ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ በሚገኘው የሆህ ደን፣ መሬቱ በሌሎች ዕፅዋት የተጨናነቀ ስለሆነ ስፕሩስና ሄምሎክ የተባሉት ረጃጅም ዛፎች ዘሮች በወደቁ ግንዶች ላይ ይበቅላሉ፤ ሥሮቻቸውም ግንዱን አቅፈው ወደ መሬት ይወርዳሉ። ፈንገሶች ግንዱን በብዙ አሥርት ዓመታት አበስብሰው ከጨረሱት በኋላ ዛፎቹ በተርታ ቆመው ይቀራሉ፤ ከሥሮቻቸው መካከልም ግንዱ የነበረበት ባዶ ቦታ ይታያል። ዛፎቹን የግንዱ ምትክ ናቸው ለማለት አልደፍርም፤ አቋቋማቸው ግን ከእርሱ የመጣ ነው።

መልስ፦
የደን ባለሙያው የጠቀሰው ምትክ የሚለው ቃል የሥነ ልቦና ሐኪሙን ሲግመንድ ፍሮይድን አስታወሰኝ። እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ ሐዘንተኛ ፍቅሩን ከሞተው ሰው ጥቂት በጥቂት እያላቀቀ ለሌላ ነጻ እንደሚያደርገው አስተምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ልጁ ሶፊ በኢንፍሉዌንዛ ሞተችበት። እ.ኤ.አ. በ1929፣ ሶፊ በሕይወት ብትኖር 36 ዓመት በሚሞላት ዕለት፣ ልጁ ለሞተበት ወዳጁ ለሉድቪግ ቢንስዋንገር በጻፈው ደብዳቤ፣ ብርቱው ሐዘን ቢበርድም ምትክ እንደማይገኝ፣ ክፍተቱ ቢሞላ እንኳ የሞላው ነገር ሌላ እንደሆነ፣ ልንተወው የማንሻውን ፍቅር የምናቆየውም በዚህ ብቻ ስለሆነ እንዲያ መሆኑ ተገቢ እንደሆነ ገለጸለት። ትምህርቱን በልጁ ሞት ያረመ አባት ቃል ስለሆነ ከማንኛውም ምክር ይልቅ አምነዋለሁ።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ በሚተኛበት በኩል እስከ ዛሬ ተኝቼ አላውቅም፤ ይህንንም እንደ ድክመት ቆጥሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። የደን ባለሙያውን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ያ ባዶ ቦታ በጊዜ ብዛት ይደፈናልን?

መልስ፦
ሥሮቹ እየወፈሩ ሲሄዱ ክፍተቱን ሊያጠቡት፣ አንዳንዴም ሊዘጉት ይችላሉ። ዛፎቹ ግን ግንዱ በተጋደመበት መስመር ላይ እንደቆሙ ይኖራሉ።