ጥርስ ካነጣሁ በኋላ ብሬስ ይይዛል ወይ?

ማርቆሴዋ፦
ሰላም እንዴት አላችሁ። ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ብረት) ለማሳሰር ባህር ዳር ቀጠሮ አለኝ የሚቀጥለው ሳምንት። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ እህቴ ከውጭ የላከችልኝን የጥርስ ማንጫ ጄል ሰሞኑን ማታ ማታ ስጠቀም ነበር፣ ብረቱ ከገባ በኋላ አይመችም ብዬ ነው ቀድሜ ላንጣው ያልኩት፣ አሁን ጓደኛዬ ሙጫው አይይዝልሽም ትለኛለች። እውነት ነው? ለዶክተሩ ብነግረው ቀጠሮውን እንዳይገፋብኝ ፈራሁ

የቡሬው፦
እኔ ሳላነጣም ቆሎ ስቆረጥም ብሬሱ ረግፎብኛል 😂 ግን ንገሪው ባክሽ፣ ተነቅሎ ለማስለጠፍ ከመመላለስ ይሻላል

ጥርስ ሐኪሙ፦
ጓደኛሽ ልክ ናት። ጄሉ ፐርኦክሳይድ የሚባል ማንጫ ኬሚካል ነው፣ ካርባማይድ የሚል ቢሆንም ያው ነው፣ 10 ፐርሰንት የሚለው ካርባማይድ ሲፈርስ 3.5 ፐርሰንት ገደማ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይወጣዋል። ካነጣ በኋላ ኦክስጅን ኢናሜሉ (የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን) ውስጥ ይቀራል። ብራኬቱን (ጥርሱ ላይ የሚለጠፈውን ትንሽ ብረት) የሚይዘው ሙጫ ደግሞ ሬዚን የሚባል ፕላስቲክ ነገር ነው፣ በሰማያዊው መብራት ሲመታ መጠንከር አለበት፣ ኦክስጅን ካገኘው ግን በደንብ አይጠነክርም። መጀመሪያ አሲድ ቀብተን ኢናሜሉን የምናሻክረው ሙጫው ሰርጎ ገብቶ እንዲነክስ ነው፣ አዲስ በነጣ ጥርስ ላይ እሱም በቅጡ አይገባም። የታሰረ ቀን የያዘ ይመስልሻል፣ ሽቦው መሳብ ሲጀምር ወይ ጠንከር ያለ ነገር ስትነክሺ ይነቀላል። ደግነቱ ጊዜ ካገኘ ኦክስጅኑ በራሱ ይወጣል፣ ጄሉን ካቆምሽበት ቀን ጀምሮ 2 ሳምንት መጠበቅ ነው የተለመደው፣ 3 ቢሆን እኔ ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ከብሬስ በፊት ማንጣቱ ብዙም አይታየኝም፣ ሲፈታ ብታነጪው ሁሉም እኩል ይነጣ ነበር

ዳንግላ፦
ቪታሚን ሲ ኦክስጅኑን ያጠፋዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ሎሚ ብታሽበትስ?

ጥርስ ሐኪሙ፦
ኧረ በማርያም ሎሚውን ተዉት! የሰማሽው ሶዲየም አስኮርቤት ስለሚባለው ነው፣ ከቪታሚን ሲ የሚሰራ ጨው ነው፣ ሐኪሙ ራሱ ከማጣበቁ በፊት ጥርሱ ላይ ቀብቶ ያጥበዋል። መጠበቅ ለማይችል ሰው ይጠቅማል፣ ሁሉም ክሊኒክ አለው ማለት ግን አይደለም። ሎሚ አሲድ ነው፣ ኢናሜሉን ይበላዋል

ማርቆሴዋ፦
እሽ ተባረክ ዶክተር። ደውዬ ነገርኳቸው፣ ቀጠሮውን ራሳቸው ናቸው ወደፊት የገፉት፣ ምንም አላሉኝም። ሽቦውን ብራኬቱ ላይ የሚይዘውን ላስቲክ ነጭ ላስደርግ አስቤያለሁ፣ ብዙ አይታይም መሰለኝ?

የቡሬው፦
ነጩን እርሽው እቴ፣ አንድ ቀን አልጫ ከበላሽ እርዱ ቢጫ ያደርገዋል፣ እስከሚቀጥለው ቅያሪ እንደዚያው ነሽ። ግራጫ አስደርጊ