ከቀኑ 6 እስከ ማታ 2 ብቻ እየበላችሁ የከሳችሁ አላችሁ?

የደብረ ብርሃኗ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለመክሳት ብዬ ቁርስ ትቻለሁ። ትንሽ ቀንሻለሁ፣ ግን የዚህ አገር የጠዋት ብርድ በባዶ ሆድ አይቻልም። እናንተ እንዴት ቻላችሁት?

የመንዝ ልጅ፦ እህቴ በርቺ፣ እኔ ሱሪዬ እስኪሰፋኝ ቀንሻለሁ። ጠዋት ትኩስ ሻይ ያለ ስኳር እጠጣለሁ። ዋናው ግን ስትፈቺ የምትበይው ነው፤ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ጾመን ዘይት የጠገበ ሽሮና ሳንቡሳ ስንደራርብ ማን ከሳ? ጎመንና ምስር አብዢ፣ የገብስ ቆሎውንም ከአንድ እፍኝ አታሳልፊ።

ሸዋዬ፦ የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ግን ሐኪም ሳታማክሩ እንዳትሞክሩት፣ በጣም አደራ። እናቴ ስኳሯ ወርዶ ላብ አጥምቋት እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባም አይሆንም።

የደብረ ብርሃኗ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቡናስ ይቻላል?

የመንዝ ልጅ፦ ይቻላል፣ ስኳር፣ ወተትና ቅቤ ካልገባበት።